የሙሉመቤትን ሞት ላላመኑት ክቡር ቆንስል

ለተከበሩ የባለቤቴ አገር ቆንስል
አዲስ አበባ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? የእርስዎ፣ የቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ጤናችንን ሳይጠይቁ ወረቀታችንን ብቻ የሚጠይቁት የመስኮት ቁጥር ሦስት ሠራተኞችዎ ደህንነት የዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ የጎፋ ነዋሪ፣ የነጋዴዎችን ሚዛን እየመረመርኩ ትክክለኛ ሆኖ ሲገኝ ማኅተም በማሳረፍ ሃያ ስምንት ዓመት ያገለገልኩ፣ የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው ነኝ። ስለዚህ ጥንቃቄን አልጠላም፤ መሥሪያ ቤትዎ ጥንቃቄን ያደረሰበትን ከፍታ ሳላመሰግን ባልፍ ግን ንፉግ እሆናለሁ።

ባለፈው ጥቅምት የአገርዎን ዜጋ ሄለናን በሕግ አገባሁ። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችንም ተተርጉሞና ተረጋግጦ ቀረበልዎ። እንዲመዘገብ የጠየቅነው ለጌጥ አልነበረም። ሄለና ጭንቅላቷ ውስጥ ዕጢ ስለተገኘባት ለቀዶ ሕክምና ወደ አገሯ መሄድ ነበረባት፤ እኔም አብሬያት የምሄድበትን ቪዛ የማገኘው ጋብቻችን በመዝገብዎ ከሰፈረ ብቻ መሆኑን የነገረን ይኸው መስኮት ቁጥር ሦስት ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. የቀድሞ ባለቤቴ ሙሉመቤት መሞቷን እንዳረጋግጥ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። ሙሉመቤት በሰኔ 1994 ዓ.ም. በቤታችን፣ በእጄ ላይ አረፈች። በዚያ ዘመን እቤቱ ለሞተ ሰው የምስክር ወረቀት ላውጣ ያለ በሰፈራችን አላውቅም፤ እድሩ ጥሩምባ አስነፍቶ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ቀብሮ፣ በመዝገቡ ይጽፋል፤ በቃ። አዲሱን ጋብቻችንን በምስክሮች ቃል የመዘገበው ወረዳም ዛሬ በወቅቱ ያልተመዘገበ ሞት አላውቅም ይለኛል።

2. የእድራችን ጸሐፊ፣ የሰማንያ ሁለት ዓመቱ አዛውንት ጋሽ አብደላ፣ የዚያን ቀን ገጽ አስገልብጠው፣ በማኅተም አጽንተው ሰጡኝ። ሠራተኛዎ ግልባጩን በሁለት ጣት ይዛ፣ እድሩ በሟቿ ጉዳይ ገለልተኛ አካል ስላልሆነ ምስክርነቱ እንደማይያዝ አስረዳችኝ። እውነቷን ነው፤ መቶ ሰማንያ ሰው አልቅሶላታል።

3. የመቃብሯን ፎቶግራፍ አቀረብኩ። ማኅተም የለውም ተባልኩ። ልክ ነው፣ የለውም።

4. ይህን ለጋሽ አብደላ ብነግራቸው፣ «አንተ በፍቃዱ፣ ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚሉት? ሄጄ ልጥራትና ራሷ ትፈርም?» አሉኝ። ሐሳቡን ለመሥሪያ ቤትዎ አስተላልፌያለሁ። ክቡር ሆይ፣ መሞቷን እኔው ራሴ ለመቀበል ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ፈጣሪ ያውቃል። አሁን ደግሞ ሌላውን ማሳመን ሥራዬ ሆኖ፣ ሰኞ ወረዳ፣ ረቡዕ መስኮት ቁጥር ሦስት፣ «ሞታለች፣ እመኑኝ፣ ሞታለች» እያልኩ እዞራለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ሙሉመቤትን በቁሟ የቀበርኳት ይመስል አፍራለሁ።

5. ሄለና ብቻዋን ሄደች። ቀዶ ሕክምናዋ ግንቦት 6 ነው፤ በችሮታዎ የሰጡኝ ቀጠሮ ደግሞ ሐምሌ 9። ሆስፒታሉ የቅርብ ተጠሪዋን ስምና ዝምድና የሚሞላበት ቅጽ ሰጥቷታል። ስሜን ጻፈች። ባሌ ነው እንዳትል አገሯ አያውቀኝም፤ ሐሰት መጻፍም አትወድም። ትናንት በስልክ፣ «ዝምድና የሚለውን ባዶ ተውኩት፣ ምን ልበል?» አለችኝ። ክቡርነትዎ የሚያውቁት ቃል ካለ ቢልኩልን፣ ከግንቦት 6 በፊት ቢደርስ ደስ ይለናል።

ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ መዝገብዎ ከስሕተት እንደተጠበቀ፣ መስኮትዎም ከጸሐይ እንደተከለለ እንዲኖር እመኛለሁ።

በወረዳው መዝገብ የሄለና፣ በእርስዎ ጥርጣሬ ግን እስከ ዛሬ የሙሉመቤት ባል የሆነው፣

በፍቃዱ ከበበው
ጎፋ፣ ሚያዝያ 2017 ዓ.ም.

ሳልጠቅሰው እንዳላልፍ፦ ጋሽ አብደላ ሄለናን፣ በተጋባን በመጀመሪያው እሁድ፣ ያለ ቀጠሮ ከስሜ ሥር ጽፈዋታል። በእድራችን መዝገብ የአባላት ገጽ ከፊት፣ የሟቾች ገጽ ከኋላ ነው። ከሐምሌ 9 በፊት ስሟን ወደ ኋላ ማዛወር ግድ ቢሆንብን፣ ስለ ማስረጃው ክቡርነትዎ ከቶ አይጨነቁ፤ ወረቀቱ የሚመጣው ከእርስዎ አገር ስለሆነ ማኅተሙ የተሟላ ይሆናል።