ስንዱ ያመጣችው የስለት ጥላ

ለልጄ ለሩታ፣ ያለሽበት ድረስ ናፍቆቴና ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር የእንጦጦዋ ማርያም ትመስገን ደህና ነኝ። ቀን ቀን ስልክ ስለማታነሺ፣ ይህን ደብዳቤ ወደ ዱባይ በምትመለሰው በጎረቤታችን ልጅ እጅ ልኬልሻለሁ።

የጓሮውን ክፍል ያከራየኋትን ስንዱን ከግቢዬ አባረርኳት። ፀጉር ቤት ነው የምሠራው ብላ አታልላኝ፣ ለካስ አዲሱ ገበያ የምትቆም ሴትኛ አዳሪ ናት! ይባስ ብላ በማርያም ዕለት ለታቦቱ የስለት ጥላ ይዛ እንጦጦ መጣች። ደሜ ፈላ። ሰው ሁሉ እየሰማ «በምን ብር የገዛሽው ነው?» ብዬ ጮኽኩባት። ቄሱ እኔኑ ተቆጥተው ጥላውን ተቀበሏት።

እሷም ዞር ብላ «እማማ፣ የእርስዎስ ቤት ቆርቆሮ በምን ብር ተቀየረ?» አትለኝም!

«ልጄ ዱባይ አሮጊት እያስታመመች በላከችልኝ ነዋ!» አልኳት።

«እኔም ዱባይ ሳለሁ እናቴን እንዲሁ ነበር የምላት» አለችኝ።

ዕቃዋን የዚያኑ ዕለት መንገድ ላይ ወረወርኩላት። ባለጌ!

እኔም ለማርያም ጥላ ተስዬ ነበር። የላክሽልኝን ብር ግን እስካሁን ከባንክ አላወጣሁትም። ጉልበቴ እስኪሻለኝ ብዬ ነው።

አሮጊቷን ሰላም በዪልኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስማቸውን ነግረሽኝ አታውቂም። ማን ይባላሉ? ሻማ ላበራላቸው ፈልጌ ነው። ስማቸውን ብቻ ጻፊልኝ።

ክፉሽን አያሰማኝ።

እናትሽ ሙሉእመቤት፣ ከጉለሌ