አራት ሰው፣ አንድ አንሶላ

ይድረስ ለልጄ፤

አባትሽ ያረፈ ዕለት አላለቀሰችም፣ ሬሳው ላይ ቆማ እንደ ካቦ ሰው ስታዝ ነበር ብለው እንደነገሩሽ ሰማሁ። አለማልቀሴ እውነት ነው። ማዘዜ ግን ውሸት ነው፤ የዚያን ዕለት ማንንም ማዘዝ አላስፈለገም። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ልጆቹን ሳሉ ለቀቃቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። አባትሽ ከወገቡ በታች አልታዘዝ ሲለው፣ በየጊዜው ካልተገላበጠ ገላው እንደሚቆስል ሐኪሙ ነገሩኝ። ስለዚህ በአንሶላ የምናነሳው አራት ሰዎች ተሰባሰብን፦ ጎረቤቶቻችን ልብስ ሰፊው፣ ሾፌሩ፣ ፀጉር ሠሪዋና እኔ። ከዚያ በፊት ከእግዜር ሰላምታ በቀር አንተዋወቅም። የመጀመሪያ ቀን አንሶላውን አንስተን «ወደ እርስዎ ይዙር»፣ «ኧረ በሞቴ ወደ እርስዎ» ስንባባል፣ አባትሽ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ «መጀመሪያ አውርዱኝና ተገባበዙ» አለን።

በሁለተኛው ሳምንት ቦታ አከፋፈልኩ። ራሱን ልብስ ሰፊው፣ ጀርባውን ሾፌሩ፣ ወገቡን ፀጉር ሠሪዋ ያዙ። ሁሉም የያዘውን ገላ በየቀኑ እንዲመረምር አዘዝኩ። ሾፌሩ ይቆጥርልን ነበር፤ ወር ሳይሞላ ግን መቁጠሩም ቀረ፣ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ያነሳል።

የተረከዙን ቁስል ያየነው ከሸተተ በኋላ ነው። በአስተማሪነት ድምፄ «ይህን ሳያይ የቀረው ማነው?» አልኩ። ፀጉር ሠሪዋ ቀና ብላ አየችኝና አንገቷን ደፋች። ሾፌሩ «እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። እኔም «ለሌላ ጊዜ ተጠንቀቅ» አልኩት።

ቁስሉ ደሙን መረዘው። ሾፌሩ አንድ ቀን እንኳ አልቀረም። አባትሽ ያረፈ ዕለትም አራታችን አንሶላውን ያዝን፤ ማንም ሳይቆጥር በአንድ ትንፋሽ አነሳን። እንደዚያ ቀን አሳምረን አንስተነው አናውቅም።

በደብዳቤሽ ሾፌሩን «የአባቴ ገዳይ፣ ደጃችን እንዳይደርስ» ብለሽዋል። ይህን ቃል ለማንም አትድገሚው። አራት ሰው ነበርን፤ የሦስቱን ቦታ ከላይ ጽፌልሻለሁ፣ እግሩ ለማን እንደቀረ ቁጠሪው።

አምላክ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ አንቺንም ከፀፀት ይጠብቅሽ።

ነገ ማለዳ መጀመሪያ፣ ሾፌሩ መኪናውን ሳያስነሳ ቤቱ እደርሳለሁ። ተቀመጪ ቢሉኝም አልቀመጥም፤ ሚስቱ ባለችበት ቆሜ እውነቱን እናገራለሁ። ቀጥሎ ፀጉር ሠሪዋ ዘንድ እሄዳለሁ። ከዚያ ተመልሼ አንሶላውን አጥባለሁ።

እናትሽ