ግቤ ዳር የተቆረጠው ቃጫ

ወንድሜ ሽፋ፣ አሰላሙ አለይኩም። ከወልቂጤ ወርጄ ግቤ ወንዝ ላይ ዓሣ ላጠምድ ሞከርኩ። እኛ ቡታጅራ ሱሪያችንን ሰብስበን የምንሻገረው ዓይነት ወንዝ አይደለም። አስጋሪው ፊልጶስ ቀጭን የናይለን ክር ሲሰጠኝ «ይሄ ፍየል እንኳ አይይዝም» ብዬ፣ ሟቿ ባለቤቴ ፈቲሀዬ የገመደችውን ቃጫ በእጄ አንጓ ላይ አሰርኩ። መንጠቆውን አዞ ዋጠው! እስከ ወገቤ ጎትቶ አስገባኝ። ፊልጶስ ደርሶ ገመዱን በቢላ ቆረጠው።

«አባባ፣ ክሩ የሚቀጥነው እኮ እንዲበጠስ ነው!» አለኝ።

ለእሱ አልፈራሁም አልኩት። ለአንተ ግን አልዋሽም፤ ውሃ በብርጭቆ ሲያቀርቡልኝ እንኳ እደነግጣለሁ። ባለቤትህን ሃፊዛን ሰላም በልልኝ፤ ልጆቼ ግን እንዳይሰሙ። የቃጫው ቁራጭ አሁንም አንጓዬ ላይ አለ፤ ፈቲሀዬ የገመደችውን ፈትቼ መጣል አቃተኝ።

ሙባሪክ