ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር

ሰኞ፣ ግንቦት 4

የኔ ሳምንት። ቁልፉ እንደተለመደው መስታወት ቤቱ በር ላይ፣ ከጡቡ ሥር። ወንድሜ ውስጥ ሆኖ መስታወት ይቆርጣል። ቀና አላለም።

አባባ ፒካፗን "ለሁለታችሁም" ብሎ ከሞተ ዓመት ሊሆነው ነው። አንድ ሳምንት እሱ መስታወት ይጭንባታል፣ አንድ ሳምንት እኔ ከብት ላክም ገጠር እወጣባታለሁ። ለአንዳችን ቢተዋት ምን ነበረበት?

ጎማዎቹ አልቀዋል። የፊት ግራው ሽቦው ወጥቷል። ቀዩ ዳገት ላይ በጤዛ ብቻ ወደ ኋላ ተንሸራተትኩ… ከዳገቱ በላይ ሰባት መንደር አለኝ። ዝናቡ ሲጀምርስ?

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

መስታወት ቤት ሄድኩ። ጎማ እንግዛ አልኩት።

"ለስላሳ የአስፋልት ጎማ ነው የሚያስፈልገው።"

"አስፋልት የት አለ እኔ በምሄድበት?"

"እትዬ፣ እኔ የምጭነው መስታወት ነው። ያንቺ ላም ብትንገጫገጭ አትሰበርም።"

"ላም አልጭንም። ስንቴ ልንገርህ?"

አንድ ሰዓት ሙሉ። በመጨረሻ በአስፋልትም በጭቃም የሚሄደው ዓይነት ይሁን አለ። ግን ስሱ። "ባለ ስድስት ፕላይ፤ ከስድስት ድርብ በላይ እንዳይወፍር።" እሺ አልኩ። እሺ ስል ግን እንደማላደርገው አውቀው ነበር መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ዛሬ ስለ ጎማ ምክር የለገሱኝ፦ ፋርማሲስቱ፣ የባንኩ ዘበኛ፣ የጥርስ ሐኪሜ። የጥርስ ሐኪሜ እጁን አፌ ውስጥ ከትቶ ስለነበር መከራከር አልቻልኩም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ጎሚስታው ሁለቱንም ጎን ለጎን አቆመልኝ። ስሱን በጣቴ ስጫነው ገባ አለ። ቀዩ ዳገት ላይ ያሉት ድንጋዮች ትዝ አሉኝ፤ ያን ጎን በአንድ ቀን ነው የሚቀዱት። ወፍራሙን ገዛሁ። ባለ አሥር ፕላይ። ለወንድሜ አልደወልኩም። በዓይን አይለይም ደግሞ።

"ነፋሱን ስንት ልሙላው ዶክተር?"

"ጎማው ላይ ተጽፎልሃል። አታነብም እንዴ? ሰማንያ።"

"ሰማንያ?"

"ሰማንያ።"

ትከሻውን ነቀነቀና ሞላ። የራሱን ዕቃ የማያነብ ነጋዴ…

ሰኞ፣ ግንቦት 11

የሱ ሳምንት። ቁልፉን ከጡቡ ሥር አስቀመጥኩ። ጎማውን ዞሮ አየ፣ በእጁ መታ መታ አደረገ። "ያምራል" አለ። ቶሎ ሄድኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ሳይደውል ቤት መጣ። አልተቀመጠም። ለዳቦ ቤቱ ሊያደርስ የጫነው የፊት መስታወት፣ አንድ ወጥ፣ ከሱ ቁመት የሚበልጥ። ትምህርት ቤቱ ጋ ያለችው ጉብታ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ። "በእግሬ ብሄድ እቀድም ነበር፣ እንደዚያ ነው የነዳሁት" አለ።

"ስንት ፕላይ ነው?"

ወንበር ሳብኩለት።

"እትዬ። ስንት ነው?"

"አሥር።"

አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። "እንሽጣትና እንካፈል። ገዢ አለኝ፤ የሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ይመጣል።" ወጣ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ድርሻዬ ሌላ መኪና አይገዛልኝም። ሞተር ሳይክል አልችል፤ ብችልስ የማዋለጃ መሣሪያውን በምን ልጭን? ከዳገቱ በላይ ሌላ ሐኪም የለም። ሰባቱን መንደር ተዉኝ ልበላቸው?

ሰኞ፣ ግንቦት 18

የኔ ሳምንት። የመጨረሻዬ ሊሆን ይችላል።

ዝናቡ ቀድሞ መጣ። ከዳገቱ በላይ አንዲት ጥቁር ላም ምጥ ላይ ናት ተባለ። መንገዱን ሙሉ ፒካፗ እንደ ፌንጣ ዘለለች፤ ሁለት የመድኃኒት ጠርሙስ ተሰበረ። ቀዩ ዳገት ላይ ጎማዋ እዚያው ይሽከረከራል እንጂ አልወጣ አለች። በእግር ወጣሁ፣ ሳጥኑን ተሸክሜ። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ።

ላሟ ተረፈች። ጥጃው ሞቶ ነበር።

የላሟ ባለቤት እስከ መኪናው ሸኘኝ። "ዶክተር፣ ጎማው አዲስ አይደለም እንዴ?"

"አዲስ ነው።"

"ታዲያ?"

ታዲያ…

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ጎሚስታውን ልሰድበው ሄድኩ። ምን ዓይነት ጎማ ነው የሸጥክልኝ አልኩት። ተናግሬ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ቁና ቁና እየተነፈሰ ተነሳ፣ የነፋስ መለኪያውን ሰካ፣ አሳየኝ። ሰማንያ።

"ሰማንያ ያሉት እርስዎ ነዎት።"

"ተጽፎበታላ!"

"የተጻፈው ከዚህ አትለፉ ነው እንጂ ይሄን ሙሉ አይደለም። በሰማንያ ድንጋይ ነው የሚሆነው፣ መሬቱን አይዝም። ያን ዕለት ልነግርዎት ነበር፣ ተቆጡ።"

ሃያ ዓመት ሙሉ ገበሬ ስቆጣ ኖሬያለሁ። የመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ ያለው ትልቁ መጠን ለሁሉም ከብት አይሰጥም፣ አስተውላችሁ አንብቡ እያልኩ። ያ ጥጃ… ቀድሜ ብደርስ ይተርፍ ነበር? ላይተርፍም ይችል ነበር። አላውቅም።

ትክክለኛው ቁጥር የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተለጥፏል አለኝ። ከፈትን። አባባ ፒካፗን በየጊዜው በብሩሽ ነበር የሚቀባት፣ በአጥር ቀለም። ወረቀቱንም አብሮ ቀብቶታል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ቀለም ሳያበላሽ የሚፍቅ አንድ ሰው ነው የማውቀው። መስታወት ቤት ሄድኩ።

ሁሉንም ነገርኩት። ቀለሙን በውሃ አርሶ በምላጩ መፋቅ ጀመረ፣ ከመስታወት ላይ ቀለም እንደሚያነሳው። ግራጫ፣ አረንጓዴ፣ እንደገና ግራጫ።

"ስንቴ ነው የቀባት ይሄ ሰውዬ?"

"ዝገት ይፈራ ነበር።"

"ፕላዩን ደብቀሽኝ፣ ሰማንያ አስሞልተሽ፣ ጎሚስታውን ልትሰድቢ ሄድሽ?"

"ሄድኩ።"

ሳቀ። ምላጩን አንስቶ ነው የሳቀው፤ ሥራው ላይ አይቀልድም። ቁጥሩ ወጣ። ሠላሳ አምስት። ጎሚስታው በስልክ፣ ወፍራም ስለሆነ አምስት ጨምሩበት አለ።

"ገዢው ግን እሁድ ይመጣል" አለ ወንድሜ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ሙከራ። ነፋሱ አርባ። አንድ አሮጌ ትልቅ መስታወት ጫነ። "አንቺ ከኋላ ሆነሽ ያዢው። እኔ ልንዳ።" በሃምሳ ሁለት ዓመቴ የጭነት ቦታ ላይ ቁጢጥ ብዬ መስታወት አቅፌ በከተማው መሃል ዞርኩ። የባንኩ ዘበኛ እጁን አውለበለበልኝ።

ጉብታዋ ላይ ስንደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዘለል አለች፣ አረፈች። መስታወቱ ዝም። ወርዶ ዳርና ዳሩን ዳሰሰው። "ድምፁን ግን ትሰሚያለሽ? ይጮኻል ይሄ ጎማ።"

"አይጮኽም።"

"ይጮኻል።"

እሁድ፣ ግንቦት 24

ገዢው መጣ። ዞራት። ጎማውን በጫማው መታ።

"በእግርህ አትምታው" አለ ወንድሜ።

ዋጋ ጠየቀ። ወንድሜ የአዲስ መኪና ዋጋ ጠራለት፣ ፊቱ ሳይለወጥ። ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምን አገባኝ? የምሰሶውን ቁጥር እያነበብኩ ነበር። ቀልደኞች ናችሁ ብሎ ሄደ።

ቁልፉን ለወንድሜ ሰጠሁት፤ ከነገ ጀምሮ ሳምንቱ የሱ ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ሲዘንብ አደረ። ሳምንቱ የኔ ነው። ከሩቅ ሳያት አራቱም ጎማዎች እንዲህ ተኝተዋል። ደሜ ፈላ፤ አንድ ሳምንት በእጁ ብትውል ነፋሷን ጨርሶ… ከጡቡ ሥር ቁልፉን አነሳሁ፣ ገባሁ። የፊት መስታወቱ ጥግ ላይ በዚያ መስታወት በሚያሰምርበት ነጭ እርሳስ ተጽፏል፦

"መስታወት 40። ጭቃ 25። አሁን 25 ነው። ነፋስ ሳትሞዪ አስፋልት ላይ ብትሮጪ ወዮልሽ።"

ወንበሩ ላይ የእግር ፓምፕ። ከሱ ቤት የመጣ።

ቀዩን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ወጣሁት። አንዴ ብቻ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች፣ ያዘች። የጥቁሯ ላም ባለቤት አጥሩ ጋ ቆሞ ያይ ነበር። ጎማውን አየና ፈገግ አለ። ላሟ ደህና ናት።

ላይ ስደርስ ተደወለ።

"ወጣሽ?"

"ወጣሁ።"

"ጎማውስ?"

"ይጮኻል።"

"ነግሬሽ ነበር።"

ዘጋው። ይሄ ልጅ አንድ ቀን እንኳ ደህና ዋይ ብሎ ስልክ አይዘጋም።