ሳይጨርስ ያቀፍኩት ልጄ

ለውድ እህቴ ለእታለም ስጦታ፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣቱን ተውሽው ወይስ አሁንም ሰው አልሰማም ብለሽ ሰገነቱ ላይ ልብስ ታሰጫለሽ? የጋሽ ሐዲስ ስኳር ወረደለት? ልዕልት ፈተናዋን አለፈች? የናዝሬት ሙቀትስ ዘንድሮ ምሕረት አደረገላችሁ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ቆሜ እሄዳለሁ፣ ሥራዬንም አላቋረጥኩም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽሽ አልችልም፤ ብዋሽሽም ታውቂብኛለሽ።

ደብዳቤ መጻፌ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። በስልክ ሳወራሽ አንቺ ድምፁን ከፍ ታደርጊውና ቤቱ ሁሉ ይሰማል፤ እኔ ደግሞ ገና እንዴት ነሽ ስትይኝ ማልቀስ እጀምራለሁ። አብራኝ የምትሠራው የደሴ ልጅ፣ ኢማን፣ ለእህቷ ሠርግ ወደ አገር ቤት ስለምትሄድ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ባለፈው ዓመት ትከሻዬ ተይዞ እንደነበር ነግሬሻለሁ። ቁማር ቤቶቹ በተደረደሩበት መንገድ፣ ዘ ስትሪፕ ላይ ባለው ሆቴል ስንት ዘመን ፍራሽ ሳነሣ፣ አንሶላ ስወጥር ኖሬ አንድ ቀን እጄ ወደ ላይ አልሄድ አለኝ። በእረፍት ሰዓት ጥግ ይዤ ሳለቅስ ላውንድሪ የምትሠራ አንዲት ትልቅ ሴት መጥታ ከኋላዬ ቆመች። የሃዋይ ሰው ናት። ስሟ ፑአ ነው፤ ሁሉም ግን አንቲ ፑአ፣ አክስቴ እንደ ማለት፣ ይላታል፤ እነሱም እንደኛ ትልቅ ሰውን በባዶ ስሙ አይጠሩም። ልንካሽ ወይ ብላ አስፈቀደችኝና ክንዷን ጫንቃዬ ላይ አሳርፋ ከእኔ ጋር እኩል መተንፈስ ጀመረች። እንደኛ ወጌሻ ቀጭ አላደረገችኝም፣ ጥርሴንም አላስነከሰችኝም። እጄ ወዲያው ተነሣ አልልሽም፤ ግን ያን ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ። ባሌ ለማ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም ነበር።

እነዚህ ሰዎች እዚህ ብዙ ናቸው። በአገራቸው የቤት ዋጋ አላስቀምጥ ብሏቸው ወደዚህ በረሃ መጥተው፣ አገራቸው ስምንት ደሴት ነውና ላስ ቬጋስ ዘጠነኛዋ ደሴታችን ናት እያሉ ይቀልዳሉ። አንቲ ፑአ ሎን ማውንቴን ከሚባለው ተራራ አጠገብ ባለው ቤቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ሰብስባ የአያቶቿን ጸሎትና ገላን እያሹ መፈወስን ታስተምራለች። የማሸቱን ስም ስትሰሚ እንዳትስቂብኝ፤ ሎሚሎሚ ይባላል። መኪናዋን ደጅ አውጥታ ጋራዧ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፋለች። ጫማሽን ታወልቂያለሽ፣ እጅሽን በጨው ውኃ ትታጠቢያለሽ፣ ይጸለያል፣ ሰው የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። በጣት ብቻ ሳይሆን በክንድ ነው የሚታሸው፤ ከጫንቃ እስከ ወገብ ሳያቋርጡ፣ በተኛው ሰው ትንፋሽ ልክ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ እኔ፣ ታየች ጠንቋይ ቤት ትሄዳለች ተብሎ ተወርቷል። ይወራ! እነሱ በቋንቋቸው ሲጸልዩ እኔ ማተቤን ይዤ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። አንቲ ፑአም የራስሽን ይዘሽ ነይ እንጂ ጥለሽ አትምጪ ብላኛለች።

ደግሞም ቻልኩበት። አትታበዪ እንዳትይኝ እንጂ፣ አሮጊቶቹ ታየች ትሽን እያሉ ተራ ይጠብቁ ነበር። ከለማ ሞት በኋላ ለአንድ ነገር እፈለጋለሁ ብዬ ያሰብኩት እዚያ ጋራዥ ውስጥ ብቻ ነው።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ የልጄ የማቲዎስ እኩያ የሚሆን ጎልማሳ ተኝቶልኝ ጀርባውን ሳሽ ክንዴ አልታዘዝ አለኝ። እንባዬም ጀርባው ላይ ወረደ። አንቲ ፑአ አስቆመችኝና ከማን ጋር ነው የተጣላሽው አለችኝ። ከማንም አልኳት። እውነቴን ነው፤ ከማቲዎስ ጋር መች ተጣላን? አባቱ ከሞተ ጀምሮ ዝም አለኝ እንጂ ክፉ ቃል አልተለዋወጥንም። ሴንቴኒያል ሂልስ፣ እዚሁ አፍንጫዬ ሥር እየኖረ ለፋሲካ እንኳ አይመጣም። መልእክት ስልክለት የአውራ ጣት ምልክት ይመልስልኛል። ይህን ስነግራት፣ በልብሽ የታሰረ ነገር እያለ ሰው ላይ እጅሽን አታሳርፊም፣ የያዝሽው ነገር ወደሚታሸው ሰው ያልፋል አለችኝ። ቤተሰብ አንድ ላይ ተቀምጦ የተጣመመውን የሚያቃናበት ሥርዓት አላቸው፤ ሆኦፖኖፖኖ ይሉታል። ልጅሽን አምጪው አለች። ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። መጣ።

ሥርዓቱን አስቀድማ አስረድታኝ ነበር። እኛ ሽማግሌ ፊት ስንቀመጥ ያለፈው አለፈ ይባላል፣ ተነሡና ተሳሳሙ ይባላል፣ ተሳስመን ተመርቀን እንበላለን። ነገር የሚቆሰቁስ ሰው ክፉ ነው። እነሱ ዘንድ ግን ይቅርታ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ እያንዳንዱ በልቡ ያለውን እስከ ታች ያወጣል። ለሽማግሌዋ ይነግራል እንጂ እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ ማንም አያቋርጠውም። እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ አልኳት። የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ማቲዎስ ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ከስቷል እታለም። አንቲ ፑአ ጸለየችና ጀምር አለችው። ከዚያ እሷን እያየ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን እኔ እንድሰማው ነው መሰለኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ አባባ የሞተ ቀን ማንም አልነገረኝም፣ እኔ ያን ማታ... አለና ድምፁ ተቆረጠ።

የልጅሽ ድምፅ እንደዚያ ሲሆን አንቺ ትቀመጪ ነበር? እኔ አልቻልኩም። ተነሥቼ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ፣ አለቀ፣ አለቀ፣ ምንም አትበል እያልኩ ጉንጩንም ግንባሩንም ሳምኩት። ከደስታ ብዛት ነበር የማለቅሰው፤ ታረቅን ብዬ። እሱ አልተንቀሳቀሰም። ማሚ፣ አልጨረስኩም አለኝ፣ ቀስ ብሎ። እኔ ደግሞ፣ አፌን ይዝጋውና፣ ግድ የለም፣ እግዚአብሔር ያውቀዋል አልኩት። እጄን ከአንገቱ ላይ በዝግታ አወረደው፣ አንቲ ፑአን አመሰገነ፣ ደጅ ወጥቶ ጫማውን አደረገና ሄደ።

ያን ማታ ምን? እታለም፣ እብድ የሚያደርገኝ ይህ ነው። አባቱ ሲሞት ሬኖ ዩኒቨርሲቲ ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም ብለን፣ ሽማግሌዎቹ ሌሊቱን በመኪና ተጉዘው በማለዳ አረዱት። እዚህ ያለው ሐበሻ ሁሉ ሲሰማ እሱ አልሰማም ነበር። እስኪነጋ ምን ሲያደርግ እንደቆየ፣ ምን ጠርጥሮ ለማን እንደደወለ አላውቅም። የለማ ስልክ እኔ ቦርሳ ውስጥ ሲጮህ ነበር፤ ማን እንደሆነ አላየሁም።

ና ጨርስልኝ፣ አፌን ይዤ እሰማሃለሁ ብዬ ጻፍኩለት። ኢትስ ኦኬ ማሚ፣ ግድ የለም እንደ ማለት፣ ብሎ መለሰልኝ። ከዚህ የባሰ ስድብ ሰምቼ አላውቅም። አንቲ ፑአ፣ ዳግመኛ የማስቀምጣችሁ እሱ ራሱ ሲጠይቅ ነው፣ ተለምኖ የሚሆን ነገር አይደለም አለችኝ። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም እሄዳለሁ፤ ሰው ግን አልነካም። ጥግ ተቀምጬ የሚያነጥፉትን አንሶላ አጥፋለሁ። በሥራዬ አንሶላ፣ እዚያም አንሶላ! ሌሎቹ ሲያሹ እያየሁ ክንዴ ብቻውን ይንቀሳቀሳል፣ እይዘዋለሁ። ተስፋ ቆርጫለሁ እታለም። ባሌን ሞት ወሰደው፤ ልጄን ግን በገዛ እቅፌ ነው ያባረርኩት።

ልዕልት ባለፈው አፏን አዳልጧት ማቲዎስ ለአንቺ እንደሚደውል ነገረችኝ። እንዳትቆጫት። መጀመሪያ ቀናሁብሽ፣ ከዚያ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። እህቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። አንቺም እንደኔው ነሽ፣ ሰው ሲያለቅስ አፉ ላይ እጅሽን ትጭኛለሽ። ስለዚያ ቀን ከጀመረልሽ እናትህን ይቅር በላት አትበይው። አይዞህም አትበይው። ዝም ካለ አብረሽው ዝም በይ፤ የስልክ ሒሳብም አይታሰብሽ። ሰምተሽ ስታበቂ ለእኔ አትንገሪኝ። ለምኜሽ ብጽፍልሽ፣ በስልክ ባለቅስብሽም አትንገሪኝ። አንድ ሰው እስከ መጨረሻው እንደሰማው ማወቄ ይበቃኛል። አይበቃኝም፤ ግን ይበቃኛል እላለሁ።

በይ ለጋሽ ሐዲስ አክብሮቴን አድርሺልኝ፣ ስኳር ያለበትን ነገር ደብቂበት። ልዕልትን ጉንጯን ሳሚልኝ። ኤልሳዕን ክፍሉን ያጽዳ በይልኝ፤ ለእሱ የላክሁትን ጫማ ኢማን ይዛለች። ጎረቤትሽን ሱዓድን አልረሳኋትም፣ ዱዓ ታድርግልኝ። ለሁሉም በየስማቸው ሰላም በይልኝ። ማቲዎስ ሲደውል ግን እናትህ ሰላም ብላሃለች አትበይው። እሱ ሳይጨርስ የእኔ ስም እንዳይገባበት።

የምትወድሽ እህትሽ ታየች

ላስ ቬጋስ፣ ኅዳር ፳ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.