የግራው ጎማ አሁንም ቋ ቋ ይላል

ወንድም ጋሼ፣

ልጆቹን ይዤ በእግር ወጥቻለሁ። የመኪናውን ቁልፍ አትፈልገው፣ እኔ ጋ ነው።

ጠዋት መኪናውን በክሪክ አንስቼ የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ ወዘወዝኳቸው። የቀኙ ንቅንቅ አይልም። የግራው ግን ቋ ቋ ይላል፤ የመሪው መገጣጠሚያ ላስቲኩ ተቀዷል፣ ብረቱም ዝጓል። ከሦስት ቀን በፊት «የግራና የቀኙን መገጣጠሚያ ሁለቱንም በአዲስ አስቀይሬያለሁ» ያልከኝ አንተ ነህ። አዲስ ዕቃ በሦስት ቀን ይዝጋል እንዴ?

ወደ ጎን ይስብ የነበረው የጓደኛህ መኪና ደግሞ ሰሞኑን ቀጥ ብሎ መሄድ ጀምሯል። አንዱ አዲስ ዕቃ እሱ ጋ ሄዶ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

እርግጥ መጀመሪያ የመንገዱን ጠርዝ ገጭቼ ያበላሸሁት እኔ ነበርኩ፤ ጥፋቱ በአንተ ሲሳበብ ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ።

መካኒኩ ስምንት ሰዓት ይመጣል። አጠገቡ ቆመህ አስቀይር። አሮጌውን እንዳይጥለው፣ ላየው እፈልጋለሁ።

ልጆቹን «መኪናው ታሟል» ብያቸዋለሁ።
ማን እንዳሳመመው ግን አልነገርኳቸውም።