ጢም የሌለው ቀዳዳ

ሚያዝያ 14

ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ አንድ ሰዓት ከሩብ። ቆሜ። ሰሌዳዎቼን አቅፌ... አጠገቤ የነበሩ እናት “የምን ሳንቃ ነው?” አሉኝ። “ቃጫ በሙጫ ነው፣ ለሚኒባስ በር የውስጥ ሽፋን” ስላቸው ሳቁ።

ስድስት ቀዳዳ በሳን። ከላይ ሲያዩዋቸው ያምራሉ። ሲገለበጡ... ጉድ! ቃጫው ተንጨባርሮ ወጥቷል፣ ዙሪያው ተላቅቋል። ጋሽ ዱሬሳ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት። ወርክሾፑም ድሪሉም የእሳቸው ነው፣ ሠላሳ ዓመት ብረት በስተዋል።

“ዛሬም ጢም አወጣ።”

ጢም! የመመረቂያ ጽሑፌ በአንድ ቃል አለቀ።

“እንደ እርስዎ” አልኳቸው። ይቺ አፌ! እሳቸው ግን ሽበታም ጢማቸውን እየዳሰሱ፣ “ቀዳዳው ያለ ጢም የወጣ ቀን እኔም እላጫለሁ” አሉ። “ስጋት የለብኝም። የያዝሽው ጆንያ ነው።”

ጆንያ አይደለም።

ሚያዝያ 17

አማካሪዬ ዶክተር ዘካሪያስ ደወሉ። “እስከ ግንቦት ሃያ ንጹህ ቀዳዳ ካላሳየሽኝ ርዕሱን እንቀይራለን።” መቀየር ማለት አንድ ዓመት እንደገና ማለት ነው። ብሎን የማይይዝ የበር ሽፋን ለማን ይጠቅማል? ልክ ናቸው። ቢሆንም ተናደድኩባቸው።

ሚያዝያ 25

ጢም።

ግንቦት 3

ትናንት ደህና የመሰለኝ ቀዳዳ ዛሬ አብጧል። ትናንት የገባው ብሎን ዛሬ እምቢ አለ። ሙጫው ነው? ወይስ እኔ?

ታክሲ ውስጥ ትንሽ አለቀስኩ። ትንሽ።

ግንቦት 9

ሰፈሩ ውስጥ ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ። ጋሽ ዱሬሳ ማሽኑን አላስነሳም አሉ። “ማቀዝቀዣ የሳሙና ውሃዬ አልቋል። በደረቁ አልበሳም።”

“ግድ የለም፣ ጋሼ።”

“ይቃጠልብሻል፣ ልጄ!”

“ይቃጠል።”

አማትበው ጀመሩ። እንደ ወትሮው ድሪሉ ላይ አዲስ ፑንታ አሰሩ፣ ከሰሌዳው ሥር የባሕር ዛፍ ጣውላ አደረጉ። እንዳይቃጠል ፈርተው ቀስ... ቀስ... እንደ ማባበል። ገለበጥነው። በጣቴ ዳሰስኩት። ልስልስ!

በር ላይ ወጥተን በፀሐይ አየነው። አንድ ክር የለም። ጋሽ ዱሬሳ ጢማቸውን ጨበጥ አድርገው፣ “አንድ ቀዳዳ አይቆጠርም” አሉ።

ግንቦት 10

አላበጠም! ብሎኑ ሰተት ብሎ ገባ።

ስንት ወር ሙሉ ዓይኔ እያየ! ጋሽ ዱሬሳ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ በፊት ጣሳቸውን ያነሳሉ፣ የሳሙና ውሃ ያፈሳሉ። ለብረት እንደለመዱት፣ ሳያስቡት። ብረት ውሃ አይጠጣም። ቃጫ ግን ይጠጣል። ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ፑንታው ሲመጣ መቆረጡን ትቶ ይጎተታል። ልብስ በቃጫ ገመድ ላይ የሚያሰጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እኔ የማስተርስ ተማሪዋ...

ስነግራቸው ክፉኛ አዘኑ። “እኔ እኮ እንዳይቃጠልብሽ ብዬ ነው።”

“እኔስ ቆሜ እያየሁ አይደል፣ ጋሼ?”

ከዚያ ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። እንባ እስኪወጣን ሳቅን።

ግንቦት 12

ውሃ መጣ። ጋሽ ዱሬሳ ጣሳዋ ላይ በቀይ ቀለም “ለብረት ብቻ” ብለው ጽፈውባታል። ሃያ ቀዳዳ በደረቁ በሳን፣ አሥራ ዘጠኙ ንጹህ። አንዷ ብቻ ጢም አወጣች።

ለዶክተር ዘካሪያስ ፎቶ ላክሁ። “ርዕሱ ይቀጥል” ብለው መለሱ። ወርክሾፑ ውስጥ ዘለልኩ።

ሰኔ 6

አለፍኩ!!!

ጽሑፌን ላቀርብ ስገባ በር ላይ አንድ ሱፍ የለበሱ ሽማግሌ “ኢንጂነር!” ብለው ጠሩኝ። እውነቴን ነው፣ አላወቅኋቸውም። አገጫቸው ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል። ከአፍንጫቸው ሥር ሪዛቸው ብቻ ቀርታለች።

“ጋሼ! ሪዙስ?”

“እሷ ለሃያኛዋ ቀዳዳ ናት።”

ገና እየሳቅሁ ገባሁ። ፍርሃቴን የት እንደጣልኩት እንጃ። መጨረሻ ላይ አንዱ ፈታኝ መነጽሩን አውልቆ፣ “ስትበሺ ማቀዝቀዣ ውሃ ለምን አልተጠቀምሽም?” አለኝ።

አፌን ሳልከፍት ከኋላ ወንበር የጋሼ ድምፅ፦

“ይጠጣዋላ!”

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ፈታኙም ሳቀ፣ ብዕሩን አነሳ፣ “መልሱ ትክክል ነው” እያለ ጻፈ።